የሕግ መዝገበ ቃላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙ ሰው የሕግ መዝገበ ቃላትን የሚያስታውሰው ሲቸግረው ነው። ውል ሊፈርም ብዕር ሲያነሳ፣ መጥሪያ ሲደርሰው፣ ወይም ሕግ መማር ጀምሮ የመጀመሪያውን የፍርድ ግልባጭ ሲያነብ። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች መልካቸውን እየቀያየሩ የሚመላለሱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተራው መዝገበ ቃላት በምን ይለያል?

ተራው መዝገበ ቃላት ሰዉ ቃሉን ምን ለማለት እንደሚጠቀምበት ይነግራችኋል። የሕጉ ደግሞ ያ ቃል ክስ ወይም ውል ውስጥ ሲገባ ምን መዘዝ ይዞ እንደሚመጣ ይነግራችኋል።

ሦስት ሰዎች እናስብ። አንዱ አውቶቡስ ውስጥ ከሰው ኪስ ስልክ መንትፎ ወረደ። ሁለተኛው ጨለማ ቦታ ጠብቆ፣ ቢላ አውጥቶ ስልኩን ነጠቀ። ሦስተኛው «እስክመለስ ያዝልኝ» ተብሎ የተሰጠውን ስልክ ሸጦ በላ። ሰፈር ውስጥ ሦስቱም ያው ሌቦች ናቸው። የሕግ መዝገበ ቃላት ግን ሦስት ቦታ ነው የሚያስቀምጣቸው፦ ስርቆት፣ ውንብድና፣ እምነት ማጉደል። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው የሚለየው ኃይል ወይም ዛቻ መኖሩ ነው። የሦስተኛው ደግሞ ዕቃው እጁ የገባው በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበት ነገርም፣ ቅጣቱም በዚያው ልክ ይለያያል።

ጥሩ የሕግ መዝገበ ቃላት እንግዲህ ይህን ልዩነት በሁለት ሦስት መስመር ያስቀምጥላችኋል። «ከውንብድና ጋር አነጻጽር» ብሎም ወደ ጎረቤቱ ቃል ይመራችኋል። እኔ በበኩሌ ከፍቺው ይልቅ ይህን «አነጻጽር» የሚለውን ነው የምወደው። ሕግ ውስጥ አንድን ቃል ከጎረቤቶቹ ነጥሎ መረዳት ይከብዳል።

ሕጉ የራሱን ቃል ለምን አይፈጥርም? የምናውቀውን ቃል ለምን ያዞርብናል?

ይፈጥራል እንጂ። ግን ሁሉንም አዲስ ቢያደርገው ማን ያነብለታል? ስለዚህ ከሰፈር ቃል ይዋሳል፤ ከተዋሰ በኋላ ደግሞ አጥብቦ ወይም አስፍቶ ይጠቀምበታል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የማናውቀው ቃል ሲገጥመን ቆም ብለን እንጠይቃለን። የምናውቀው ሲመስለን ግን ዝም ብለን እናልፈዋለን።

«ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለውን ውሰዱ። በወሬ ላይ ለሁሉም ነገር ይሆናል። መኪናው ተበላሸ፣ ልጅ ታመመ፣ «ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው»። በብዙ አገር ሕግ ግን ሐረጉ ጠባብ ነው። ነገሩ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆን አለበት። ከዚያም በላይ ግዴታውን መፈጸም የማይቻል ማድረግ አለበት፤ ማስቸገሩ ወይም ማስወደዱ ብቻ አይበቃም። የብረት ዋጋ ስለናረበት ግንባታውን ያቆመ ኮንትራክተር «ከአቅም በላይ ሆነብኝ» ሲል ከልቡ ሊሆን ይችላል። ውሉ ውስጥ ለዋጋ ለውጥ የተለየ አንቀጽ ካላስገባ ግን ሐረጉ ብዙውን ጊዜ አያድነውም።

«ይዞታ»ም እንዲሁ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ቤቱ በእጁ ነው፤ ባለቤቱ ግን አይደለም። «ሰው» የሚለው ቃል እንኳ ሕግ ፊት ሲቀርብ ኩባንያንም ማኅበርንም ሊጨምር ይችላል።

የመጀመሪያው የሕግ መዝገበ ቃላት የቱ ነው?

«መዝገበ ቃላት» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይወስነዋል። የቃል ዝርዝር ከሆነ በጣም ሩቅ ነው።

በጥንቱ መስጴጦምያ ጸሐፊ ለመሆን የሚማሩ ልጆች በሸክላ ጽላት ላይ የቃላት ዝርዝር ይገለብጡ ነበር። በአንድ በኩል ሱመርኛ፣ በሌላ በኩል አካድኛ። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁ 24 ጽላቶች ያሉት ዝርዝር ሲሆን የሚጀምርበት ቃል «በወለድ የተሰጠ ብድር» ማለት ነው። ዛፉም፣ እንስሳውም፣ ሸክላውም የሚመጣው ከዕዳ በኋላ ነው! «አና ኢቲሹ» የሚባል ሌላ ዝርዝር ደግሞ ከሞላ ጎደል የሕግ ቃላትና የውል ሐረጎች ብቻ የተሰበሰቡበት ነው። ብድር፣ የቤት ኪራይ፣ እርሻ፣ ጋብቻ፣ ጉዲፈቻ ሁሉ አለበት፤ 7 ጽላት ይሞላል። በመጨረሻው ላይ አባቱን «አባቴ አይደለህም» ያለ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ተጽፏል፦ አባትየው ጸጉሩን ይላጨዋል፣ የባርነት ምልክት ያደርግበታል፣ ይሸጠዋል። ተማሪው ይህን ሲገለብጥ ሰዋስውም ሕግም አብሮ ይማራል፤ ምናልባት አባቱንም ይፈራል።

ቻይና ውስጥ ደግሞ በ1975 በሁቤይ ግዛት ሹይሁዲ በተባለ ቦታ መቃብር ሲቆፈር ከ1,000 በላይ የቀርከሃ ቁራጮች ተገኙ። ሟቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ217 አካባቢ የሞተ የቺን መንግሥት ሹም ነበር። ከቁራጮቹ አንዱ ክፍል ሕግን በጥያቄና መልስ የሚያብራራ ነው። «እንዲህ ሲባል ምን ማለት ነው?» ይላል፣ ከዚያ ይመልሳል። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ሰው የሌላ ሰው የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ለቅሞ ቢሰርቅ፣ ዋጋውም አንድ ሳንቲም ባይሞላ፣ ምን ይፈረድበታል? መልሱ 30 ቀን የግዳጅ ሥራ ነው። ይህ የምታነቡት ዓይነት ገጽ ከ2,200 ዓመት በፊትም ነበር ማለት ነው፤ ያውም ከባለቤቱ ጋር የተቀበረ።

በእኛ ዘመን ትርጉም «የሕግ መዝገበ ቃላት» የሚባለውን በተመለከተ ግን መነሻው ብዙ ጊዜ ሮም ላይ ይደረጋል። ኤሊየስ ጋሉስ የተባለ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻው ምዕተ ዓመት ስለ ፍትሐ ብሔር ቃላት ትርጉም መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ሌሎች የጠቀሱት ቁርጥራጭ ብቻ ነው የተረፈው። በ533 የታወጀው የሮማው ንጉሠ ነገሥት የዩስቲንያኖስ የሕግ ስብስብ ግን በ50ኛው መጽሐፉ ውስጥ «ስለ ቃላት ትርጉም» የሚል ሙሉ ርእስ አለው። 246 አንቀጾች አሉበት። የመጀመሪያው አንቀጽ «ማንም ሰው» የሚለው አነጋገር ወንድንም ሴትንም ያጠቃልላል ይላል። ሕግ ስታነቡ በትርጓሜው አንቀጽ መጨረሻ ላይ «በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል» የሚል መስመር አይታችሁ ከሆነ ሐሳቡ የስንት ዓመት ሐሳብ እንደሆነ አሁን አወቃችሁ።

በ15ኛው ምዕተ ዓመት የቤተ ክርስቲያንንና የመንግሥትን ሕግ ቃላት አንድ ላይ የያዘ በላቲን የተጻፈ መዝገበ ቃላት አውሮፓን አዳረሰ፤ የማተሚያ መሣሪያ ሲመጣ በላይ በላዩ ታተመ። በእንግሊዝ ደግሞ ጆን ራስቴል የተባለ ጠበቃና አታሚ በ1520ዎቹ የአገሩን የሕግ ቃላት የሚፈታ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። የዚያች መጽሐፍ ዘሮች ስማቸውን እየቀያየሩ ለ300 ዓመት ያህል ሲታተሙ ኖረዋል።

መዝገበ ቃላት በመንግሥት ታግዶ ያውቃል?

ያውቃል። ከዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው።

ጆን ካውል በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሮማ ሕግ ፕሮፌሰር ነበር። በ1607 «ዘ ኢንተርፕሪተር» የሚል የሕግ መዝገበ ቃላት አሳተመ። መጽሐፉ እንደማንኛውም መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ የተደረደረ፣ ሲያዩት ማንንም የማይነካ ነገር ነው። ነገር ግን «ንጉሥ» የሚለው ቃል ጋ ስትደርሱ፣ ንጉሥ በፍጹም ሥልጣኑ ከሕግ በላይ ነው ይላል። «ፓርላማ» የሚለው ጋም ያንኑ ይደግማል፦ ወይ ንጉሡ ከፓርላማ በላይ ነው፣ ወይ ፍጹም ንጉሥ አይደለም።

ለሁለት ሦስት ዓመት ብዙም ጫጫታ አልተነሳም። በ1610 ግን የፓርላማ አባላት ነገሩን አነሱትና ተቆጡ። ጊዜው ለንጉሥ ጄምስ 1ኛ የማይመች ነበር፤ ከዚያው ፓርላማ ገንዘብ እንዲፈቀድለት እየለመነ ነበር። ስለዚህ ንጉሡ የራሱን ሥልጣን ያወደሰለትን መጽሐፍ ራሱ አገደው። በመጋቢት ወር በወጣው አዋጅ መጽሐፉ እንዳይሸጥ፣ ቅጂው ያለውም ሰው እንዲያስረክብ ታዘዘ። ካውል በዓመቱ፣ በ1611 ሞተ። መጽሐፉ በ1637 እንደገና ታተመ።

ሰውየው አመጽ አልቀሰቀሰም፤ ቃል ነው የፈታው። ግን «ንጉሥ» የሚለውን የፈታ ሰው ማን ከማን በላይ እንደሆነ ተናገረ ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን «ሽብር» ወይም «ስደተኛ» የሚለው ቃል በሕግ ሊተረጎም ሲል ስንት ክርክር እንደሚነሳ አስቡት።

«ብላክስ» የሚባለው ምንድን ነው? ለምን በየቦታው ይጠቀሳል?

የአሜሪካ የሕግ መዝገበ ቃላት ነው። ሄንሪ ካምቤል ብላክ በ1891፣ ዕድሜው 30 ገደማ ሳለ አወጣው። ከእሱ በፊት ገበያው የጆን ቡቪየር ነበር። ቡቪየር በልጅነቱ ከፈረንሳይ ወደ ፊላደልፊያ የተሰደደ ሰው ነው። ሕግ ሲማር የእንግሊዞቹ መዝገበ ቃላት አስቸገሩት። ለአሜሪካ የማይሠራ የፊውዳል ዘመን ቃል ሞልቶባቸዋል፤ የሚፈልገው ግን የለም። ስለዚህ በ1839 የራሱን አሳተመ። ስደተኛ ሆኖ አገሩን በቃል መረዳት የፈለገ ሰው ሥራ መሆኑ መጽሐፉ ላይ ያስታውቃል።

የብላክ መጽሐፍ ግን ደራሲው ከሞተም በኋላ እየታደሰ ቀጠለ። ከ1999 ጀምሮ፣ ማለትም ከ7ኛው እትም ወዲህ፣ ዋና አዘጋጁ ብራያን ጋርነር ነው፤ እሱ ብዙዎቹን ፍቺዎች እንደ አዲስ ጻፋቸው። 11ኛው እትም (2019) ከ55,000 በላይ ቃላት ይዟል። 12ኛው በ2024 ወጥቷል።

ግን አስተውሉ፤ ብላክስ የአሜሪካ ነው። የፈረንሳይ ሕግ የሚያነብ ሰው በ1936 በአንሪ ካፒታን መሪነት ወደታተመው የሕግ ቃላት መጽሐፍና ወደ ተተኪው ይሄዳል፤ ብላክስ ብዙም አይጠቅመውም። እንግሊዝ ውስጥ በ1890 የወጣው የስትራውድ መዝገበ ቃላት ደግሞ ዘዴው ሌላ ነው። አዘጋጁ ከራሱ ፍቺ ከመስጠት ይልቅ ዳኞች ያንን ቃል በፍርዳቸው እንዴት እንደተረጎሙት ይሰበስባል። ለጠበቃ ይህ ወርቅ ነው። ለጀማሪ ግን ራስ ምታት ነው፤ አንድ ቃል ከፍቶ የሚጋጩ አምስት ፍርዶች ያገኛል።

ዳኛ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ይፈርዳል?

ይከፍታል። ይፈርድበታል ወይ ለሚለው፣ ሦስት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዮችን እንይ።

የመጀመሪያው የቲማቲም ክርክር ነው። በ1883 የወጣ የቀረጥ ሕግ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ ቀረጥ ይጥላል፤ ፍራፍሬ ላይ ግን የለም። ቲማቲም አስመጪዎች «ቲማቲም ፍራፍሬ ነው፤ የከፈልነው ይመለስልን» ብለው ከሰሱ። የችሎቱ ትዕይንት ደስ ይላል። የከሳሾቹ ጠበቃ ተነስቶ «ፍራፍሬ»፣ «አትክልት» እና «ቲማቲም» የሚሉትን ቃላት ከመዝገበ ቃላት አነበበ። የተከሳሹ ጠበቃ ተነስቶ አተር፣ ደበርጃን፣ ኪያር፣ ዱባ፣ ቃሪያ እያለ አነበበ። ከሳሽ መልሶ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ባቄላ እያለ ቀጠለ። ማስረጃው ይኸው ነበር ማለት ይቻላል። በ1893 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በዕፅዋት ሳይንስ ቲማቲም ፍሬ ነው፤ በሰዉ ንግግርና በማዕድ ላይ ግን አትክልት ነው፣ ከዋናው ምግብ ጋር እንጂ ለማጣጣሚያ አይቀርብም አለ። መዝገበ ቃላቱንም በተመለከተ፣ የሚቀርቡት እንደ ማስረጃ ሳይሆን የዳኛውን ትውስታና ግንዛቤ እንዲያግዙ ብቻ ነው አለ።

ሁለተኛው የ1998 ነው። ሕጉ አደንዛዥ ዕፅ ሲነግድ መሣሪያ «የያዘ» ሰው ላይ ተጨማሪ ቅጣት ይጥላል። የሰውየው ሽጉጥ የተገኘው መኪናው ውስጥ፣ በተቆለፈ የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ይዟል ይባላል? አብዛኞቹ ዳኞች መዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን መጽሐፍ ቅዱስ፣ ልቦለድና ጋዜጣ ሳይቀር አገላብጠው «በመኪና መያዝም መያዝ ነው» አሉ። የተቃወሙት ደግሞ ብላክስን ጠቅሰው «መሣሪያ መያዝ ማለት በአካል፣ በልብስ ወይም በኪስ መያዝ ነው» አሉ። 5 ለ 4 ተለያዩ። ሁለቱም ወገን መዝገበ ቃላት ነበረው።

ሦስተኛውን አማርኛ የሚናገር ሰው ቶሎ ይገባዋል። የ2012 ጉዳይ ነው። የፍርድ ቤት ወጪ ሕጉ የረታ ወገን ለ«ኢንተርፕሪተር» የከፈለው እንዲተካለት ይፈቅዳል። አንድ የጃፓን የቤዝቦል ተጫዋች ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ከሰሰና ተረታ። ተከሳሹ ከጃፓንኛ ሰነድ ያስተረጎመበትን ወጪ ጠየቀ። ክርክሩ ሰነድ የሚተረጉም ሰው «ኢንተርፕሪተር» ይባላል ወይ ነው። ፍርድ ቤቱ ሕጉ በወጣበት ዘመን የነበሩ መዝገበ ቃላትን አንድ በአንድ አይቶ በ6 ለ 3 አይባልም አለ፤ ቃሉ የሚገልጸው በአፍ የሚያስተረጉምን ሰው ነው። እኛ «አስተርጓሚ» እና «ተርጓሚ» ብለን ስለምንለይ ነገሩ ቀላል ይመስለናል። እነሱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ወሰዳቸው።

ለርነድ ሃንድ የተባለው ታዋቂ ዳኛ በ1945 መዝገበ ቃላትን ምሽግ አለማድረግ የበሰለ የሕግ ሥርዓት ምልክት ነው ብሎ ነበር። እኔም ወደዚያ አደላለሁ። መዝገበ ቃላት ቃሉ ሊሸከማቸው የሚችሉትን ትርጉሞች ያሳያል። ከእነዚያ የቱን እንደተሸከመ የሚያሳየው ግን ዓረፍተ ነገሩና ሕጉ የወጣበት ምክንያት ነው። ደግሞ አንዳንድ መዝገበ ቃላት ፍቺዎችን የሚደረድሩት በዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ 1ኛ ላይ የተጻፈው አሮጌው እንጂ ዋናው ላይሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ «ፍቺ ቁጥር 1 እኮ እንዲህ ይላል» ብለው የሚከራከሩ ጠበቆች ሞልተዋል።

ውል ላይ ያልገባኝ ቃል ሲገጥመኝ በምን ልጀምር?

በመዝገበ ቃላቱ አትጀምሩ። መጀመሪያ ውሉ ራሱ «ትርጓሜ» የሚል አንቀጽ አለው ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ካለ የሚገዛችሁ እሱ ነው። ውሉ ላይ «ቀን ማለት የሥራ ቀን ነው» ከተባለ የዓለም መዝገበ ቃላት በሙሉ ቢሰበሰብ እሑድን አያስቆጥርም። ቀጥሎ ውሉ የሚገዛበትን ሕግ የትርጓሜ አንቀጽ እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አንቀጾች አንዱ ነው። እዚያም ካጣችሁ ነው መዝገበ ቃላት የሚመጣው። መዝገበ ቃላቱ የሚሰጣችሁን ይዛችሁ ደግሞ ፍርድ ቤቶች ቃሉን እንዴት እንዳነበቡት ትጠይቃላችሁ።

በአንድ ሐረግ እንሞክረው። ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ 300,000 ተበደራችሁ እንበል። ውሉ ላይ «ተበዳሪዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው» ይላል። አንብባችሁ «እሺ፣ በአንድነት ተበደርን፣ በነጠላ ድርሻ ድርሻችንን እንከፍላለን» ብላችሁ ፈረማችሁ። አንዱ አገር ለቆ ሄደ። አንዱ ከሰረ። አበዳሪው እናንተ በር ላይ መጥቶ 300,000ውን በሙሉ ሲጠይቅ «የኔ ድርሻ 100,000 ነው» ትላላችሁ።

የሕግ መዝገበ ቃላት ውስጥ ብታዩት ኖሮ ሐረጉ የገመታችሁት ተቃራኒ ነው። አበዳሪው ከሦስቱ የፈለገውን አንዱን ይዞ ሙሉውን ዕዳ መጠየቅ ይችላል። የከፈለው ሰው ከዚያ በኋላ ከሌሎቹ ድርሻቸውን ይጠይቃል፤ አንዱ ሄዷል፣ አንዱ ከስሯል እንጂ። አራት መስመር ፍቺ ነው። ከመፈረም በፊት ቢነበብ ኖሮ ቢያንስ «በየድርሻቸው» ይባል ብላችሁ ትከራከሩ ነበር።

የሁለት ቋንቋ የሕግ መዝገበ ቃላት ማመን ይቻላል?

በከፊል። ችግሩ የቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። «ድመት» የትም ድመት ናት። የሕግ ቃል ግን የአንድ ሥርዓት ፍጥረት ነው፤ ሌላው ሥርዓት ውስጥ አቻው ላይኖር ይችላል።

የእንግሊዞቹን «ትረስት» ውሰዱ። ብዙ ሰው «አደራ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስሜቱ ያስኬዳል። ግን በአደራ ዕቃው የሰጪው ሆኖ ይቀጥላል፤ ተቀባዩ ጠባቂ ነው። በትረስት የንብረቱ ሕጋዊ ባለቤትነት ለተቀባዩ ይተላለፋል፤ እሱ ግን ለሌላ ሰው ጥቅም ነው የሚያስተዳድረው። አንዱን በሌላው የተካ ተርጓሚ ቃል አልተሳሳተም ይሆናል፤ የንብረቱን ባለቤት ግን ቀይሯል። ጥሩ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «ትክክለኛ አቻ የለውም» ብሎ ያብራራል። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ አንድ ቃል ብቻ ደርድሮ የሚያልፈውን ግን ለመነሻ ብቻ ተጠቀሙበት።

ጃፓኖች ይህን በከባዱ ነው የተማሩት። በ1869 መንግሥት ሚትሱኩሪ ሪንሾ የተባለውን ወጣት ምሁር የፈረንሳይን ሕግጋት እንዲተረጉም አዘዘው። በቂ መዝገበ ቃላት የለም፣ የሚያስረዳውም ሰው የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «መብት» የሚለውን የሚመጥን ቃል በጃፓንኛ አጣ። በ1864 ቻይና ውስጥ ከታተመ የዓለም አቀፍ ሕግ ትርጉም ላይ ቃሉን ተዋሰ። የተዋሰው ቃል የመጀመሪያው ፊደል ሥልጣን ወይም ኃይል የሚል ትርጉም ነበረው። ዛሬ ጃፓንም ቻይናም ስለ መብት የሚናገሩት በዚያ ቃል ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ24 ቋንቋ ሕግ ስለሚያወጣ አያቴ የሚባል የጋራ የቃላት ቋት አለው፤ ከ2007 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። (አዎ፣ ስሙ በአማርኛ ሲጠራ ያስቃል።) የሚያስመሰግነው ቃሉ ከየት እንደተወሰደና ምን ያህል እንደሚታመን አብሮ መጻፉ ነው።

የላቲን ቃሎቹ ለምን አልጠፉም?

ልማድ ነው፤ ደግሞ አጭር ናቸው። እንግሊዞች በ1362 ፍርድ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ይነገር ብለው ሕግ አወጡ፤ ሕጉ ራሱ ግን የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። መዝገቡም በላቲን መያዙን ቀጠለ። ላቲን ከፍርድ ቤት መዝገብ የወጣው በ1733 ነው።

ቃል በቃል መተርጎም ደግሞ ብዙም አይረዳም። የታሰረ ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያዘው ትእዛዝ ስም፣ «ሀቢየስ ኮርፐስ»፣ በላቲን «አካሉን ይኑርህ» ዓይነት ነገር ነው። ምንም አይነግራችሁም። «አካልን ነፃ ማውጣት» የሚለው የአማርኛ ስም ከላቲኑ ይሻላል፤ ቢያንስ የታሰረ ሰው እንዳለ ያስታውቃል።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን የድሮ እትም መጠቀም ችግር አለው?

ለታሪክ ከሆነ ግሩም ነው። የብላክስ የ1891 እና የ1910 እትሞች የቅጂ መብታቸው ስላለፈ በነፃ ይገኛሉ። እንዲያውም በ1910 የወጣን ሕግ የሚያነብ ሰው የሚያስፈልገው የዚያ ዘመኑ ነው።

ለዛሬ ጉዳይ ግን ጉድ ያደርጋችኋል። የድሮዎቹን የእንግሊዝኛ የሕግ መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ አካለ መጠን ያላደረሰ ማለት ማን ነው ብትሉ 21 ዓመት ያልሞላው ይላችኋል። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም 18 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣችሁ የታተመበትን ዓመት እዩ። አዲስ ነገር ከፈለጋችሁ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1992 የተቋቋመው የሕግ መረጃ ተቋም በነፃ የሚያቀርበው መዝገበ ቃላት አለ፤ እሱም ግን ዓይኑ አሜሪካ ላይ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ካለ መዝገበ ቃላት ምን ያደርግልኛል?

የቃሉን ጠቅላላ ሐሳብ በቀላል አማርኛ እንዲያስረዳችሁ ከፈለጋችሁ ጥሩ ረዳት ነው። ችግሩ ያላወቀውንም በዚያው በእርግጠኛ ድምፅ መናገሩ ነው። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች እንዲህ ያለ መሣሪያ የሰጣቸውን የፍርድ ጥቅሶች ሳያጣሩ ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ፍርዶቹ ጭራሽ ያልነበሩ ነበሩ። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው።

የታተመ መዝገበ ቃላትም ይሳሳታል። ግን ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈውና የቱ ገጽ ላይ እንደሆነ ይታወቃል፤ ስትከራከሩ ገጹን ገልጣችሁ ለዳኛው ታሳያላችሁ። የቲማቲሞቹ ጠበቆች ችሎት ላይ ቆመው ያነበቡት መጽሐፍ ተቃራኒያቸውም እጅ ላይ ነበር።